ዱካክ፣ ገንዲ እና የሌሊት ጩኸት

ከአሶሳ፣ ከባምባሲ፣ ከፓዌና ከግልገል በለስ አካባቢ ስለ እንቅልፍ የምትልኩልኝ ጥያቄ በዝቷል። ሲጠቃለል ሦስት ነው። አንደኛው «ሌሊት ዱካክ ይይዘኛል፣ ነፍሴ ልትወጣ ትደርሳለች፤ መንፈስ ነው ወይስ በሽታ?» የሚል ነው። ሁለተኛው «ቀን ቀን እንቅልፍ ይጥለኛል፤ እኛ አገር የቆላ ዝንብ አለና የእንቅልፍ በሽታ ይዞኝ ይሆን?» ይላል። ሦስተኛውን የሚጽፉት በአብዛኛው እናቶች ናቸው፦ «ልጄ በእንቅልፍ ልቡ ይጮኻል፣ ምን ላድርግ?»

ለሦስቱም አጭር መልስ አለ። ግን ሦስቱም ረጅም ታሪክ አላቸው፤ ታሪካቸውን ያወቀ ሰው ፍርሃቱ ይቀልለታል፣ በእውነት የሚያሰጋው የቱ እንደሆነም ይለያል። ስለዚህ የዛሬው ጽሑፍ ረዘም ይላል። ቡና አፍልታችሁ አንብቡት፤ ከመሸ ከሆነ ግን ቡናው ይቅር፣ ምክንያቱን በኋላ እነግራችኋለሁ።

ከዱካክ እንጀምር። የደረሰበት ሰው ያውቀዋል። ትነቃላችሁ፤ ጣሪያው፣ መስኮቱ፣ አጠገባችሁ የተኛው ሰው ሁሉ ይታያችኋል። እጅና እግር ግን አልታዘዝ ይላል። ለመጮህ ትሞክራላችሁ፣ ድምፅ የለም። ደረታችሁ ላይ ከባድ ነገር የተቀመጠ ይመስላል፤ አንዳንዱ በሩ አጠገብ የቆመ ጥቁር ሰው ያያል። ከጥቂት ሴኮንዶች እስከ ጥቂት ደቂቃዎች ቆይቶ ይለቃል። በብዙ ቤት ለዚህ ተብሎ ከትራስ ሥር ዳዊት ወይም ብረት ይቀመጣል፤ በሙስሊም ቤት ደግሞ ከመተኛት በፊት ቁርአን ይቀራል። ጸሎቱን ተዉ የሚል ምክር ከእኔ አትጠብቁ። ልቡ የተረጋጋ ሰው የተሻለ ይተኛል።

ማወቅ ያለባችሁ ግን ዱካክ የእኛ ብቻ አለመሆኑን ነው። ድንበር ተሻግረው አረብኛ የሚናገሩት ጎረቤቶቻችን «ጃሱም» ወይም «ካቡስ» ይሉታል። ቱርኮች «ካራባሳን»፣ ጃፓኖች «ካናሺባሪ» ብለው ስም አውጥተውለታል። በካናዳዋ ኒውፋውንድላንድ ደረት ላይ የምትቀመጥ አሮጊት ናት ይባላል። እርስ በርስ ተገናኝተው የማያውቁ ሕዝቦች አንድ ዓይነት ነገር ካዩ፣ የጋራቸው የሆነውን መፈለግ ተገቢ ነው። የጋራቸው ደግሞ አንጎል ነው።

ሐኪሞችም ቀድመው ጠርጥረው ነበር። በ10ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው የቡኻራው ሐኪም አል-አኸወይኒ፣ ካቡስ የሚመጣው ከጨጓራ ወደ አንጎል በሚወጣ እንፋሎት ነው ብሎ ጽፏል። እንፋሎቱ ስህተት ነው፤ ነገር ግን ከሺህ ዓመት በፊት ምክንያቱን ከሰውነት ውስጥ መፈለጉ ትልቅ እርምጃ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1664 ደግሞ የኔዘርላንዱ ሐኪም ኢስብራንድ ቫን ዲመርብሩክ የአንዲት የ50 ዓመት ሴት ታሪክ መዝግቧል። ሴትዮዋ ልትተኛ ስትል አንዳንዴ ሰይጣን፣ አንዳንዴ ትልቅ ውሻ ወይም ሌባ ደረቷ ላይ ተኝቶ እንደሚያፍናት ታምን ነበር። አንብቡትና አሶሳ ካለ ሰው ጋር አወዳድሩት፤ ልዩነት አታገኙም።

እውነተኛው መልስ የመጣው ከአንድ ልጅ አልጋ አጠገብ ነው። በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረው ዩጂን አሰሪንስኪ እ.ኤ.አ. በ1951 መጨረሻ የስምንት ዓመት ልጁን አርሞንድን በማሽን ሽቦ አያይዞ አስተኛው። ልጁ ጭልጥ ብሎ ተኝቶ ሳለ ማሽኑ ዓይኖቹ በፍጥነት ወዲያና ወዲህ እንደሚሉ መዘገበ። አባትየው መጀመሪያ ልጁ የነቃ መስሎት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1953 ከመምህሩ ከናትናኤል ክላይትማን ጋር ግኝቱን አሳተመ፤ ይህ እንቅልፍ «ሬም» ተባለ። በሬም ጊዜ የተቀሰቀሱ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ሕልም ላይ እንደነበሩ ይናገሩ ነበር። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ የሊዮኑ ፈረንሳዊ ሚሼል ዡቬ በድመቶች ላይ ባደረገው ምርምር ሌላውን ግማሽ አገኘ፦ በሬም ጊዜ አንጎል ይሠራል፣ የሰውነት ጡንቻ ግን ሙሉ በሙሉ ይዝላል። ይህ ጥበቃ ነው። ባይኖር ኖሮ በሕልማችን ስንሮጥ ከአልጋ ተነሥተን እንሮጥ ነበር።

ዱካክ እንግዲህ ይህ ነው። አእምሮ ነቅቶ የጡንቻው መቆለፊያ ገና ሳይከፈት ሲቀር ሰው በራሱ አካል ውስጥ ታስሮ ይነቃል። የሕልሙ ጭራም አልለቀቀውም፤ ስለዚህ በሩ አጠገብ ሰው ይታየዋል። መተንፈሻው አልቆመም፤ ደረት የሚከብደው ትንፋሽን በፈቃድ መሳብ ስለማይቻል ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ የብዙ ጥናቶች ማጠቃለያ ከ100 ሰዎች 8 ያህሉ ቢያንስ አንድ ጊዜ እንደሚገጥማቸው አሳይቷል፤ በተማሪዎች ዘንድ ግን 28 ያህል ነው። የዩኒቨርሲቲ ልጆች የፈተና ሰሞን የምትጽፉልኝ በከንቱ አይደለም። እንቅልፍ ማጣት፣ የተዛባ የመኝታ ሰዓትና በጀርባ መተኛት ያመጡታል። ሲይዛችሁ ለመነሣት አትታገሉ፤ አንዲት ጣት ወይም ምላስ ለማንቀሳቀስ ሞክሩ፣ ይለቃችኋል። ቀን ቀንም መቋቋም የማትችሉት እንቅልፍ የሚጥላችሁና ስትስቁ ጉልበታችሁ የሚከዳችሁ ከሆነ ግን ሌላ በሽታ ሊሆን ስለሚችል መታየት አለባችሁ።

ጫት የሚቅሙ አንባቢዎቼ «ዱካክ» የሚለውን ቃል በሌላ መልኩም ያውቁታል፤ ጫት ባልቀሙበት ሌሊት የሚመጣው አስፈሪ ሕልም ነው። ምክንያቱ ያው ነው። ጫት እንቅልፍን፣ በተለይ ሬምን፣ ያጠፋል። ሲቋረጥ አንጎል የቀረበትን ሕልም በአንድ ሌሊት ሊበላ ይነሣል። ብዙ ሰው ይህን ፈርቶ ወደ ጫቱ ይመለሳል፤ ሕልሙ ግን ቀናት እያለፉ ሲሄዱ ይበርዳል። አረቄም ከዚህ አይሻልም፤ ቶሎ ያስተኛል፣ ከሌሊቱ አጋማሽ በኋላ ግን እንቅልፉን ይበጣጥሰዋል። የቡናው ነገርም ይኸው፦ የጠጣችሁት ካፌይን ግማሹ ከደማችሁ ለመውጣት 5 ሰዓት ያህል ይፈልጋል። ከምሽቱ 1 ሰዓት አቦል፣ ቶና፣ በረካ ብላችሁ ከጨረሳችሁ፣ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ግማሹ ገና አብሯችሁ ነው።

አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። የኤችአይቪ መድኃኒት በአገራችን በነፃ መሰጠት ከጀመረበት ከ1997 ዓ.ም ወዲህ ለብዙ ዓመታት ኢፋቪሬንዝ የሚባለውን የወሰዱ ሰዎች ጥርት ያለ፣ አንዳንዴም የሚያስጨንቅ ሕልም አይተዋል። ሕልሙ የመድኃኒቱ የታወቀ ባሕርይ ነበር። በዚህ ምክንያት ከማንም ሳይማከሩ መድኃኒት ያቋረጡ አሉ፤ ያ ሕይወት ያስከፍላል። አሁን በአብዛኛው የሚሰጠው ዶሉቴግራቪር ደግሞ አንዳንዱን እንቅልፍ ይነሣዋል፤ መፍትሔው ብዙ ጊዜ ጠዋት መውሰድ ብቻ ነው። ሰዓቱን ለመቀየር የሚከታተላችሁን ባለሙያ ጠይቁ፤ ክኒኑን ግን አትዝለሉ።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄ እንለፍ። እዚህ ላይ የክልላችሁ ታሪክ ራሱ ይናገራል። ከ1977 ዓ.ም ድርቅ በኋላ ከወሎና ከሌሎች አካባቢዎች ወደ አሶሳና ወደ መተከል የሰፈሩ ቤተሰቦች ሁለት የማያውቋቸው ጠላቶች ጠበቋቸው። አንዱ ወባ ነው። ሌላው ገንዲ ነው። በደጋ የኖረ ገበሬ፣ በሬ ሳይራብና ሳይቆስል እየከሳ፣ ፀጉሩ እየቆመ፣ ደሙ እያለቀ ሲሞት አይቶ አያውቅም ነበር። በዳቡስ፣ በአባይና በበለስ ሸለቆዎች የቆላ ዝንብ ለዘመናት ኖራለች፤ በሬ ማቆየት አስቸጋሪ የሆነውም በእሷ ነው። ዝንቧ ከንክሻዋ ጋር ትሪፓኖሶማ የሚባል በዓይን የማይታይ ተሐዋስ ወደ ደም ታስገባለች።

ሰዎችን የሚያስተኛው በሽታ የዚሁ ተሐዋስ ዘመድ ነው። ከ1900 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በኡጋንዳ በቪክቶሪያ ሐይቅ ዳርቻ ከ200,000 የማያንስ ሰው ጨርሷል። አልዶ ካስቴላኒ ተሐዋሱን በታማሚዎች የአንጎልና የአከርካሪ ፈሳሽ ውስጥ አገኘ፤ እ.ኤ.አ. በ1903 ዴቪድ ብሩስ የሚያስተላልፈው የቆላ ዝንብ መሆኑን አሳየ። በኢትዮጵያ በሰው ላይ መኖሩ የተረጋገጠው እ.ኤ.አ. በ1967 በጋምቤላ፣ በጊሎ ወንዝ አካባቢ ነው። ከዚያ በኋላ ለረጅም ዓመታት ድምፁ ጠፍቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2022 በደቡብ ኢትዮጵያ ጥቂት ታማሚዎች እንደገና ተገኙ። ስለዚህ ተረት አይደለም፤ ጨርሶ ጠፍቷልም አይባልም።

ነገር ግን በደንብ አንብቡልኝ፦ በአሶሳና በመተከል ከብት የሚገድሉት የተሐዋሱ ዓይነቶች ሰውን አይዙም። የሰው ደም ውስጥ እነሱን የሚገድል ፕሮቲን አለ። በሬያችሁ ገንዲ ስለያዘው እናንተ የእንቅልፍ በሽታ አይዛችሁም፤ ሥጋና ወተቱም አያስተላልፈውም። ደግሞም የእንቅልፍ በሽታ ቀን ቀን በመጫጫን ብቻ አይጀምርም። በአገራችን የታየው ዓይነት ፈጣን ነው፤ በሳምንታት ውስጥ ብርቱ ትኩሳት፣ ራስ ምታት፣ የንፍፊት ማበጥ ያመጣል። አንጎል ውስጥ ሲገባ ሰውየው ቀን ይተኛል፣ ሌሊት ግን ይባዝናል። ስሙ እንደሚለው ብዙ እንቅልፍ አይደለም የሚያመጣው፤ ቀንና ሌሊቱን ያዘባርቃል።

ይህ ለሳይንስ ትልቅ ትምህርት ነበር፤ በውስጣችን ቀንና ሌሊት የሚለይ ሰዓት እንዳለ ይጠቁማልና። የዚህ ሰዓት አሠራር በጂን ደረጃ ተፈትቶ እ.ኤ.አ. በ2017 ሦስት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ኖቤል ተሸልመውበታል። በጉባ ከመጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም እስከ ምረቃው ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም ድረስ ቀንና ሌሊት በፈረቃ የሠራችሁ የሕዳሴ ግድብ ሠራተኞች ግን ሽልማቱን ሳትጠብቁ በሰውነታችሁ አውቃችሁታል። ሌሊት ሠርቶ ቀን በሙቀት መተኛት ምን ማለት እንደሆነ የምትናገሩት እናንተ ናችሁ። ወደ ቤት ተመልሳችሁም እንቅልፋችሁ ካልተስተካከለ መድኃኒቱ ክኒን አይደለም። በየቀኑ፣ እሑድንም ጨምሮ፣ በአንድ ሰዓት ተነሡ፤ ተነሥታችሁም ውጡና የጠዋት ብርሃን ይንካችሁ። ሰዓቱን የሚያስተካክለው ብርሃን ነው።

ታዲያ ቀን እንቅልፍ የሚጥላችሁ ለምንድነው? በብዛት የማየው የደም ማነስ፣ በቂ እንቅልፍ አለመተኛት፣ ድብርት እና ማንኮራፋት ነው። ማንኮራፋትን ጥጋብ አድርገን ስቀን እናልፈዋለን። ሲያንኮራፋ ድንገት ጸጥ ብሎ፣ ትንፋሹ ተቋርጦ፣ ከዚያ እንደ መታነቅ ብሎ የሚነሣ ሰው ግን በሌሊት ደጋግሞ አየር እያጣ ነው። አውስትራሊያዊው ኮሊን ሱሊቫን እ.ኤ.አ. በ1981 በአፍንጫ አየር የሚነፋ መሣሪያ እስኪሠራ ድረስ ለከባዱ ዓይነት የነበረው አማራጭ አንገትን ቀድዶ ቀዳዳ ማበጀት ነበር። መሣሪያው በየቦታው አይገኝም፤ ክብደት መቀነስ፣ በጎን መተኛትና አልኮል መተው ግን የትም ይቻላል። የደም ግፊት ያለበትና እንዲህ የሚያንኮራፋ ሰው ለሐኪሙ ይንገር።

ልጅ ሲያንኮራፋ ደግሞ ብዙ ጊዜ ቶንሲሉ አብጦ መተንፈሻውን እየዘጋ ነው። እባካችሁ፣ ለዚህ ብላችሁ ልጁን እንጥል ወደሚቆርጥ ሰው አትውሰዱት። እንጥል ማስቆረጥ የልጁን አየር አይከፍትም፤ የሚያተርፈው መድማት፣ ቲታነስና ሌላ ኢንፌክሽን ነው። የቶንሲል ቀዶ ሕክምና ሆስፒታል ውስጥ በባለሙያ ይሠራል።

አሁን የእናቶቹ ጥያቄ። የልጅ የሌሊት ጩኸት ሁለት ዓይነት ነው፤ የሚለየውም ሰዓቱ ነው። ልጁ በተኛ ከ1 እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ ድንገት ተነሥቶ ቢጮህ፣ ዓይኑ ተከፍቶ እናቱን ባያውቃት፣ ላብ ቢያሰጥመው፣ ጠዋት ደግሞ ምንም ባያስታውስ፣ ይህ ሕልም አይደለም። ከጥልቅ እንቅልፍ ግማሽ መንቃት ነው፤ ልጁ ሲያድግ ይተወዋል። አትቀስቅሱት፣ አትጨቃጨቁት፤ እንዳይወድቅ ብቻ ጠብቁት። ወደ ንጋት አካባቢ እያለቀሰ ነቅቶ «አባረረኝ» ብሎ የሚነግራችሁ ልጅ ግን ቅዠት አይቷል። እሱን እቀፉት።

በዚህ ክልል ቅዠቱ ከየት እንደመጣ የሚታወቅባቸው ልጆች ብዙ ናቸው። ከ2011 ዓ.ም ጀምሮ በካማሺና በመተከል ዞኖች በነበረው ግጭት ቤታቸው ሲቃጠል ያዩ፣ በጫካ አድረው የተፈናቀሉ አሉ። ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም ወዲህ ከሱዳን ጦርነት ሸሽተው በኩርሙክ የገቡ አሉ። እነዚህ ልጆች የሚያዩት ሕልም የትዝታ ድግግሞሽ ነው። «ሕልም ተፈርቶ ሳይተኛ አይታደርም» ይላል ተረቱ፤ እነሱ ግን በእውነት መተኛት ይፈራሉ። አንዳንድ ቤተሰብ ሕልሙን ለክፉ ምልክት ወስዶ ልጁ እንዳይናገረው ይከለክለዋል። የዮሴፍን ወይም የነቢዩ ዩሱፍን ታሪክ የምታምኑ ሁሉ ሕልም ትርጉም እንዳለው ታምናላችሁ፤ እምነታችሁን አከብራለሁ። የተፈናቀለ ልጅ ቅዠት ግን ስለ ነገ የሚናገረው ነገር የለም፤ ስላለፈው ነው የሚናገረው። ዝም ማሰኘቱ ደግሞ አያድነውም።

የሚሠራ ዘዴ አለ። እ.ኤ.አ. በ2001 ባሪ ክራኮውና ባልደረቦቹ ከባድ ጥቃት በደረሰባቸው ሴቶች ላይ ሞክረው ያሳተሙት ነው። ሰውየው ቀን፣ ነቅቶ ሳለ፣ ሕልሙን ይናገራል፤ ከዚያ መጨረሻውን እንደፈለገ ይቀይረዋል፤ አዲሱን ሕልም በየቀኑ ለጥቂት ደቂቃ በሐሳቡ ይደጋግመዋል። ቅዠቱ ቀነሰላቸው። ለልጅ ወረቀትና እርሳስ ይበቃል። ያሳደደውን ይሳል፤ ቀጥላችሁ «አሁን ምን እንዲሆን ትፈልጋለህ?» በሉት። አንዱ አጥር ይሥላል፣ ሌላው አባቱን በር ላይ ያቆማል። ይህን በቀን ብርሃን አድርጉት እንጂ ማታ ሊተኛ ሲል አታንሡበት። ከወር በላይ ከቆየ፣ ወይም ልጁ መጫወትና መብላት ካቆመ፣ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ይየው።

ሁለት ነገሮች ግን ከዚህ ሁሉ ውጭ ናቸውና ዱካክም ቅዠትም ብላችሁ አትጠብቋቸው። አንደኛው ትኩሳት ነው። በወባ አካባቢ ትኩስ ሆኖ የሚቃዥ፣ የማይገባውን የሚቀባጥር፣ ወይም ስትቀሰቅሱት የማይነሣ ልጅ የጭንቅላት ወባ ይዞት ሊሆን ይችላል። ጠበል፣ ዱዓም ሆነ የቤት መድኃኒት ይድረስለት ብላችሁ ንጋትን አትጠብቁ፤ በዚያው ሌሊት ወደ ጤና ተቋም ይሂድ። ሁለተኛው የሚጥል በሽታ ነው። በእንቅልፉ ሰውነቱ ገትሮ የሚንዘፈዘፍ፣ አረፋ የሚደፍቅ፣ ምላሱን የሚነክስ ወይም በዚያው ሰዓት ሽንት የሚያመልጠው ልጅ መንፈስ አልያዘውም፤ መድኃኒት አለው፣ ብዙዎቹም ይሻላቸዋል። ሲንዘፈዘፍ በጎኑ አስተኙት፣ አፉ ውስጥ ምንም አትክተቱ፣ ክብሪት አታሽቱት፤ ከ5 ደቂቃ ካለፈ ወደ ሕክምና ሩጡ።

የቱ እንደሆነ ካልለያችሁ ደግሞ እጃችሁ ላይ ስልክ አለ። ሌሊት ሲሆን ቅረጹትና ይዛችሁ ኑ። ከተኛ ስንት ሰዓት ቆይቶ እንደጀመረውም ጻፉልን፤ መጀመሪያ የምንጠይቃችሁ እሱን ነው።